ወረቀት ቁጥር አርባ አንድ

እኔ ቂሜን በሆዴ ይዤ በአፌ የምስቅ ሰው አይደለሁም። የጠላሁትን ሰው ጠልቼዋለሁ፤ እሱም ያውቃል፣ ጎረቤትም ያውቃል። ካሰች እባላለሁ። ንፋስ መውጫ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ዕጩ መምህራንን ሒሳብ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ተማሪዎቹ በሌለሁበት ምን እያሉ እንደሚጠሩኝ አሳምሬ አውቃለሁ፣ ግድም የለኝም። ስለዚህ ሙሉቀን ቢሮዬ መጥቶ «የመማር ማስተማር የምርምር ቡድን ልናቋቁም ነውና ግቢ» ሲለኝ፣ «ሥራ ፈታችሁ እንዴ?» ነው ያልኩት።

ሙሉቀን ፔዳጎጂ ያስተምራል። ባሕር ዳር እየተመላለሰ ሦስተኛ ዲግሪውን የሚማር፣ ሰው ኮስተር ብሎ ሲያየው የሚደነግጥ ለስላሳ ሰው ነው። እኩዮች ነን። የደረጃ ዕድገት ያለ ቡድን ምርምር ቀርቷል አለኝ። ቀርቷል ካለማ ምን ምርጫ አለኝ፣ ገባሁ። ሦስተኛዋ ርብቃ ናት። እንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ከተቀጠረች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ስብሰባ ሳይጀመር ማስታወሻ ደብተሯን ከፍታ እስክሪብቶዋን ይዛ የምትጠብቅ ልጅ። ከመጀመሪያው ቀን አልወደድኳትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ጥርሷን ነክሳ ስትጽፍ ሳያት ብቻ ይከፋኛል።

የምናጠናው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ለምን ጥያቄ እንደማይጠይቁ ነበር። ስድሳ ሁለት ተማሪዎች «ልጠይቅ ፈልጌ የተውኩበት ቀን» በሚል ርእስ ያለ ስም አንዳንድ ገጽ ጻፉልን። ርብቃ ሰብስባ ቁጥር ሰጠቻቸው፣ ሙሉቀን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈባቸው። ሕጉ ግልጽ ነበር። ወረቀቶቹን ከርብቃ በቀር ማንም አያያቸውም። እሷ ታነባለች፣ እኛ እንሰማለን፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ማንም አይፈልግም። ሦስታችንም ፈርመናል። እኔም ፈርሜያለሁ፣ አልክድም።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙሉቀን ቢሮ እንሰበሰባለን። በኅዳር መጨረሻ በአንዱ ሐሙስ ርብቃ ወረቀት ቁጥር አርባ አንድን አነሳች።

«በሒሳብ ክፍል ያልገባኝን ልጠይቅ እጄን አወጣሁ» ብላ ማንበብ ጀመረች። «መምህሯ ‹ከወገዳ ስትመጪ ጭንቅላትሽን መኪና ላይ ረስተሽው ወረድሽ?› አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየትኛውም ክፍል እጄን አውጥቼ አላውቅም።»

ለአንደኛ ዓመት ሒሳብ የምታስተምር ሴት በኮሌጁ ውስጥ ከእኔ ሌላ የለችም። ሙሉቀን ስኳሩ ከሟሟ የቆየውን ሻይ ማማሰል ጀመረ። ርብቃ ወረቀቱን አጠፈችው።

«አምጪው እስቲ» አልኳት።

«አይቻልም።»

«እኔን ነው እኮ የሚለው። የራሴን ስድብ ማየት አልችልም?»

«ሰምተውታል። ማየት የሚፈልጉት ጽሕፈቱን ለመለየት ነው» አለች። እኔን የምታነጋግረው በአክብሮት ነው፣ እርስዎ እያለች፤ አክብሮቷ ራሱ ያናድዳል። «ይህን ላለማድረግ ፈርመናል።»

«ሙሉቀን፣ ስማ፣ አንድ ነገር በላት እንጂ!»

«ካሰች፣ ሕጉ እኮ…» ብሎ ተወው።

እኔ ያልኩት ቀልድ ነው። እኔን ሲያስተምሩኝ ከዚህ የባሰ ተብያለሁ፣ ያውም ከጥፊ ጋር፤ አልሞትኩም፣ ይኸው ሰው ሆኛለሁ። የዛሬ ልጅ ግን በቀልድ ተሰበርኩ ብሎ ገጽ ሙሉ ይጽፋል፣ ያውም ተደብቆ። ያናደደኝ መደበቁ ነው። ፊቴ ቆሞ «ቲቸር፣ ሰድበውኛል» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጸሐፊዋን ቤቴ ሳልደርስ በሐሳቤ አገኘኋት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰሌዳ ላይ አውጥቼ ይህንኑ ያልኳት ልጅ ነበረች፤ ፅጌረዳ ይስማው። የሲማዳ ልጅ ናት፣ ከወገዳ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከሚያስኬድ ገጠር የመጣች። ቀጭን ናት፣ አንገቷን አትደፋም። ስቆጣት ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ፣ እሷ ቁጣዬ እስኪያልቅ ድረስ ታየኛለች። ያን ቀንም ሁሉም ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱ ላይ «አብሬ ሳቅኩ» ይል እንደነበር ልብ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የተናደደ ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። ዕጩ መምህር ሁሉ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ፣ ጓደኞቹን እንደ ሕፃናት ቆጥሮ ሃያ ደቂቃ ያስተምራል። ማይክሮ ቲቺንግ ይባላል። ነጥብ የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ከሃምሳ በታች መውደቂያ ነው። ፅጌረዳ በመጀመሪያው ዙር ወድቃለች፤ ያን ጊዜ የእውነት ነው የወደቀችው፣ ድምፅዋ አልወጣ ብሎ። ሁለተኛውና የመጨረሻው ዙር በታኅሣሥ ነበር። ዳግመኛ የወደቀ ይሰናበታል፣ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ይገባል።

በማግስቱ ደረጃው ሥር አስቆምኳት።

«ወረቀቱን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«የቱን ወረቀት ቲቸር?»

«የቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

ጥቂት አሰበች። «ለቲቸር ርብቃ የሰጠነውን ከሆነ፣ እኔ የጻፍኩት ስለ ኬሚስትሪ ክፍል ነው። ስለ እርስዎ ብጽፍ ኖሮ ስሜን እጽፍበት ነበር።»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። የእኔ ደም ግን ፈላ። ክዳኝም ደፍራኝም መሰለኝ፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። «ግድ የለም፣ ረቡዕ እንተያያለን» አልኳት። ዛቻ ነበር፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ረቡዕ ሙሉቀንና ርብቃም ቅጻቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። ቡድናችን ትምህርቶችን አብሮ ይከታተላል፣ ሦስታችንም ለየብቻ ነጥብ እንሰጣለን። ለመዝገብ የሚገባው ግን የእኔ ብቻ ነው።

ፅጌረዳ የደረሳት ርእስ ክፍልፋይ መደመር ነበር። ሰሌዳው ላይ የገብስ ክምር ሣለች። «ይህ አውድማ ላይ ያለ ምርት ነው» አለች። «ሲሶው ለባለ መሬቱ ይሄዳል፣ እርቦው ዘር ላበደረው። ሁለቱ አንድ ላይ ምን ያህል ወሰዱ?» ማንም ዝም። «እሺ፣ ምርቱ አሥራ ሁለት ቁና ነው እንበል» ብላ አሥራ ሁለት ቁና ሣለች። ሲሶው አራት ቁና ሆነ፣ እርቦው ሦስት። ሰባት ቁና ከአሥራ ሁለት። አንዱ ተማሪ፣ ከእኔ ክፍል ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ፣ እጁን አወጣና «ለምን አሥራ ሁለት ሆነ? አሥር ብናደርገውስ?» አለ። አልመለሰችለትም። ጠመኔውን ሰጠችውና «አካፍላቸው» አለችው። አሥር ቁና ለሦስት ሊያካፍል ሲታገል ክፍሉ ተንጫጫ፣ አንዱ «ቁናውን ስበረው» ይላል፣ ሌላው «ዘጠኝ አድርገው» ይላል፣ ሌላዋ ተነስታ ዘጠኝ ለአራት እንደማይሆን አሳየች። በመጨረሻ ራሳቸው አሥራ ሁለት ላይ ደረሱ።

ጥሩ ነበር። አሁን ስለጸጸተኝ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ያኔም፣ እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ አውቄዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩትን ነገር እንደዚያ አስተምሬው አላውቅም። ይኼም ንዴቴን የባሰ ጨመረው መሰለኝ።

ቅጹን ሞላሁ። የትምህርት ዕቅዱ በተሰጠው ቅርጽ አልተዘጋጀም፤ ቀነስኩ። «የጋራ ታህት» የሚለውን የመጽሐፉን ስያሜ አንድም ጊዜ አልጠራችም፤ ቀነስኩ። ሦስት ደቂቃ አሳለፈች፤ ቀነስኩ። ክፍሉ ተንጫጭቷል፤ ቀነስኩ። ደንብ እየጠቀስኩ፣ መስመር በመስመር፣ አርባ ሰባት ላይ አወረድኳት። የዚያኑ ዕለት ለሬጅስትራር አስገባሁ። ቤቴ ሄጄ ራቴን በደንብ በላሁ።

ቡድናችን ሁለተኛ ሕግም ነበረው። አንድ ትምህርት አብረን አይተን ነጥባችን ከአሥር በላይ ከተራራቀ፣ የተለየው ሰው ለምን እንደተለየ ለሌሎቹ ማስረዳት አለበት። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቅጾቹ ጠረጴዛው ላይ ወጡ። ርብቃ ሰባ ስምንት። ሙሉቀን ሰባ አራት። እኔ አርባ ሰባት።

«እስቲ ያስረዱን» አለች ርብቃ።

ዕቅዱን፣ ስያሜውን፣ ደቂቃውን ዘረዘርኩ። ስትጽፍ ቆየችና ቀና አለች። «ይህ ሁሉ ቢደመር አሥራ ሁለት ነጥብ ቢሆን ነው። ሌላውስ?»

«ሌላው የባሕርይ ነው።»

«ቅጹ ላይ ባሕርይ የሚል የለም።»

አፌ አመለጠኝ። «ሌላው፣ አርባ አንድን ጽፋ ዓይኔን እያየች የምትክድ ልጅ መሆኗ ነው» አልኩ። «አስተማሪ የምትሆነው እንዲህ ያለችው ናት?»

ርብቃ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያን ዕለት ብቻ ነው ያለ እስክሪብቶ ያየኋት። 

«አርባ አንድን የጻፈው ወንድ ነው» አለች። «የአርብ ገበያ ልጅ ነው። ወረቀቱ ላይ የእርስዎ ንግግር ‹ከአርብ ገበያ ስትመጣ› ነው የሚለው። ማን እንደሆነ እንዳይታወቅበት ሳነብ ወንዱን ሴት፣ አርብ ገበያን ወገዳ አደረግኩት። ሁሉንም ወረቀት እንደዚያ ነው ያነበብኩት፣ ጾታና አገር እየለወጥኩ። ምርምር ላይ እንደዚያ ነው የሚደረገው።»

ሙሉቀን «አዎ፣ የተለመደ ነው» አለ፣ የጠየቀው ሳይኖር።

«ወገዳን ማን ምረጪ አለሽ?» አልኳት።

«ማንም። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። ለአንድ ልጅ ብቻ ያሉት ንግግር መስሎኝ ነበር። እንደየአገሩ እየለወጡ ለሁሉም እንደሚሉት በምን ልወቅ?»

እውነት ነው። ለእስቴ ልጅ ከእስቴ፣ ለጋይንት ልጅ ከጋይንት፣ ለሲማዳ ልጅ ከወገዳ። በየዓመቱ፣ ለስንቱ እንደሆነ እንጃ። ለፅጌረዳ ብቻ ያልኩት ይመስለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ያልሳቀችው እሷ ብቻ ናት።

«እንግዲያው ያጠፋሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። «በዘፈቀደ አገር እየጠራሽ ልጅቷን ለጅብ የሰጠሻት አንቺ ነሽ።»

«እኔ አገር ለወጥኩ» አለች ርብቃ። «ማርክ አልቀነስኩም።»

እኔ መልስ ሳጣ እጮኻለሁ፤ ጮኽኩ። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ርብቃ እስክጨርስ ጠበቀችኝና «ልጅቷ ተሰናብታለች፣ ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ነው የሄደችው። አብረዋት የተከራዩት ልጆች አባቷ መጥቶ እንደወሰዳት ለርብቃ ነግረዋታል። ስልኳ ዝግ ነው።

መላ ያመጣው ሙሉቀን ነው። የነጥብ ማስተካከያ ሰኞ ማታ ይዘጋል፣ ማመልከቻው ላይ ተማሪዋ መፈረም አለባት። «በድምር ስህተት ብለሽ ጻፊው» አለኝ። «አርባ ሰባት የተባለው ስድሳ ሰባት ነው በይ። ሰው ይሳሳታል። ቡድናችንም አይነካም፣ አንቺም አትነኪም፣ እሷም ትመለሳለች።» ርብቃ ደብተሯን ዘጋች። እኔ ጻፍኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት፣ ጥሩ መውጫ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ አርብ ገበያ ወረድኩ፣ ከዚያ ወገዳ የሚሄድ ሌላ መኪና ያዝኩ። መንገዱን አላወራላችሁም፣ ወገቤ ያውቀዋል። ከወገዳ ደግሞ በእግሬ። ፅጌረዳ የምትለውን ያህል ሩቅ ነው፣ አልዋሸችም። በየመንገዱ «የይስማው ቤት የት ነው?» እያልኩ ስደርስ ቀትር አልፏል፣ ገብስ እየወቁ አገኘኋቸው። አራት በሬ አውድማውን ይዞራል፣ ፅጌረዳ መንሽ ይዛ ገለባውን ታገላብጣለች። አየችኝ። ሥራዋን አላቆመችም።

አባቷ በሬዎቹን ለጎረቤት ሰጥቶ መጣ። አስተማሪዋ መሆኔን ስነግረው ጋቢውን አስተካከለ። «ልጄን ብለው ነው ከንፋስ መውጫ እዚህ ድረስ የመጡ?» አለኝ። ከጎኑ ድንጋይ ላይ ጋቢውን አነጠፈልኝ። ወደ ቤቱ ዞሮ ሚስቱን ጠራ። «ይታይሽ፣ የልጂቱ አስተማሪ መጥተዋል፣ ጠላ ይዘሽ ነይ። ወፍራሙን።» አፈርኩ። ግን ተቀመጥኩ።

ፅጌረዳ መጣች። ማመልከቻውንና የነጥብ ቅጹን ቅጂ ሰጠኋት። «ስህተት ተገኝቷል፣ ፈርሚና ሰኞ ግቢ» አልኳት፣ አጠር አድርጌ፣ ውለታ እንደሚውል ሰው።

ማመልከቻውን አነበበች። ከዚያ ቅጹን አነሳችና በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች ደመረች።

«ድምሩ ልክ ነው ቲቸር» አለች። «አርባ ሰባት ነው።»

«ምን ቸገረሽ ታዲያ? ስድሳ ሰባት እኮ ነው የምሰጥሽ።»

«የምትሰጪኝ?» አለች። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ማለቷን የተወችው። «ስህተት የሌለበትን ስህተት አለበት ብዬ አልፈርምም። አባቴ ጭንቅላቷ ባዶ ነው ብለው መለሷት ብሎ ነው የሚያውቀው። ቁጥር ተሳስቶ ነው ብትይው፣ በዕድል ተረፈች ይላል። ከአሁን በኋላ አልልክም ብሏል። ለምን እንደጣልሽኝ እውነቱን ጻፊና ለእሱ አንብቢለት። እሱ ፊደል አልቆጠረም።»

አባቷ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። እንደልማዷ ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። ሰኞ ማታ ይዘጋል፣ ከሰኞ በኋላ ይህቺ ልጅ በዚህ አውድማ ትቀራለች፣ የማስቀራትም እኔ ነኝ።

ከደብተሬ ወረቀት ቀደድኩና ሌላ ማመልከቻ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። ይህ ወረቀት ጡረታ እስክወጣ ከማኅደሬ እንደማይወጣ እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ለይስማው አነበብኩለት። ልጅህ የወደቀችው ባለመቻሏ አይደለም። ከክፍሉ ሁሉ እንደ እሷ ያስተማረ አልነበረም። ስለ እኔ ተደብቃ የጻፈች መስሎኝ፣ ልቀጣት ብዬ፣ አውቄ ነው የጣልኳት። የጻፈችው እሷ አልነበረችም።

«ስድቡንም ጻፊው» አለች ፅጌረዳ። «ሰሌዳው ላይ ያልሽኝን።»

ጨመርኩ። አነበብኩት። ከወገዳ ስትመጪ ጭንቅላትሽን መኪና ላይ ረስተሽው ወረድሽ። ክፍል ውስጥ ስለው ያስቃል። እዚያ፣ ለወገዳ ሰው፣ ከአውድማው አጠገብ ሳነበው ማንም አልሳቀም።

ይስማው ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ብለዋታል?»

«ብያታለሁ።»

«እኔም ብያታለሁ» አለ። «ከመጣች ጀምሮ፣ በዚህ አውድማ ላይ፣ በጎረቤት ፊት፣ ጭንቅላት የሌለሽ እያልኩ ነው የማውላት። አስተማሪዎቿ ካሉ እውነት ነው ብዬ። የተማረ ሰው አይዋሽም ብዬ።»

ልጁን አያት። እሷ አላየችውም። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ መንሹን ብብቷ ሥር አድርጋ ከታች ፈረመች፣ ሰጠችኝ። «ሰኞ እገባለሁ» አለች። ለእኔ ይሁን ለአባቷ አላወቅኩም። ከዚያ ወደ ገለባው ተመለሰች።

ይታይሽ በዋንጫ ሞልታ፣ እንዳይፈስባት በሁለት እጇ ይዛ ከቤቱ ብቅ አለች። ይስማው ሳይዞር እጁን ዘረጋና አስቆማት።

«መልሺው» አላት።

«እንግዳ አይደሉም እንዴ?»

«መልሺው አልኩሽ።» ከጋቢው ላይ እስክነሳለት ቆሞ ጠበቀኝ። ተነሳሁ። አራግፎ ለበሰውና ወደ በሬዎቹ ሄደ።

በውቂያ ቀን አውድማ ላይ የደረሰን መንገደኛ፣ ጠላቱም ቢሆን፣ ባዶ አፉን የሰደደ ሰው በዚያ አገር አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ የወገዳን መንገድ ያዝኩ።